የሊድያ ፍንጭት

ዕፀገነት የዶክተር ሕዝቅያስን ቢሮ ከማንኳኳቷ በፊት መዳፏን በጋዋኗ ጠረገች፤ ወዲያው መልሶ አላባት። ፀጉር የሚያህል ሽቦ ስትቆለምም የማይንቀጠቀጥ እጅ ነው ያላት። የክሊኒኩ ነርሶች «አንቺ ደም የለሽም እንዴ?» እያሉ ይቀልዱባታል። ዛሬ ደም እንዳላት ታወቃት፤ ጆሮዋ ሥር ሲሄድ ይሰማታል። ከበሩ ወዲያ የሚጠብቋት ሰዎች ሊከሷት የመጡ ናቸው፤ ከመሃላቸው አንዱ ደግሞ የምትወደው ሰው ነው።

ገባች። ታቦር ተራራ ሥር ያለው የዚህ የጥርስ ክሊኒክ ባለቤት ዶክተር ሕዝቅያስ ከጠረጴዛቸው ኋላ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው አቶ በርናባስ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ እታፈራሁ የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው እየጠቀለሉ፣ በሁለቱ መሃል ትንሿ ልጃቸው ሊድያ ጉንጯን ደግፋ። ቤተሰቡን ከተማው የሚያውቀው በመጋረጃና ምንጣፍ ሱቁ ነው፤ ሐዋሳ ውስጥ ጎጆ ከወጡት ሙሽሮች ግማሹ ሳሎኑን ያለበሰው ከእነሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መስኮቱ ሥር፣ ከሁሉም ራቅ ብሎ፣ ትልቁ ልጃቸው ሔኖክ ተቀምጧል። ስትገባ ቀና አላለም።

ቀና ቢል ይበቃት ነበር። ሔኖክ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ በዓይኑ ብቻ «አይዞሽ» ማለት የሚችል ሰው ነው፤ የተሸነፈችውም በዚያ ዓይኑ ነው። አሁን ያ ዓይን ወለሉ ላይ ተተክሎ ቀርቷል።

«ተቀመጪ፣ ዶክተር ዕፀገነት» አሉ ዶክተር ሕዝቅያስ። በሌላ ቀን ስሟን ብቻ ነበር የሚጠሯት። ማዕረጓን ሲጨምሩላት ነገሩ እንደከፋ ገባት።

«ልጄ ማኘክ አቅቷታል» ብለው ጀመሩ ወይዘሮ እታፈራሁ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። «ጭንቅላቴን ይፈልጠኛል ትላለች። በሾርባ ነው የምትኖረው። እዚህ የመጣችው እኮ ጥርሷ ሊስተካከልላት ነው።»

«እውነትዎን ነው» አለች ዕፀገነት። «ትናንት አይቻታለሁ። የላይኛው መንጋጋዋ ከሚገባው በላይ ሰፍቷል።»

«ሰፍቷል ትለኛለች። ማን አሰፋው? ብረቱን የሠራሁት እኔ ነኝ?»

ብረቱን የሠራችው ዕፀገነት ናት፤ ይህን የሚክድ የለም። ሊድያ መጀመሪያ ወደ ክሊኒኩ ስትመጣ የላይኛው መንጋጋዋ ጠባብ ነበር። አፏን ስትገጥም የላይ ጥርሶቿ ከታችኞቹ ወደ ውስጥ ይገቡና ምግብ በአንድ ጎን ብቻ ታኝካለች፤ አገጯም ወደዚያው ጎን መሄድ ጀምሮ ነበር። ለእንዲህ ዓይነቱ ችግር ላንቃ ላይ የሚገጠም ማስፊያ ድሮም አለ። የድሮው ግን የሚገፋው ጥርሱን ብቻ ነው፤ የተገፋ ጥርስ ወደ ውጭ ይጋደማል፤ የተጋደመ ጥርስ ደግሞ ብረቱ ሲወጣ ወደነበረበት ይመለሳል። ይህ ዕፀገነትን ያናድዳት ነበር። ስለዚህ የራሷን ነደፈች፤ ክንዶቹ ላንቃው ላይ የሚያርፉ፣ ጥርሱን እንደቆመ ይዘው አጥንቱን ራሱን ቀስ አድርገው የሚያሰፉ። ኮምፒውተር ፊት ተጎልታ የሠራችው፣ ያፈረሰችው፣ እንደገና የሠራችው ነው። ሊድያ የመጀመሪያዋ ናት። ከእሷ ኋላ ወረፋ የያዙ ልጆች አሉ፤ አንዷ ከቱላ የምትመጣ፣ በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፍና የምትስቅ ልጅ ናት።

መሣሪያው መሃሉ ላይ ብሎን አለው። ቤት ውስጥ አንድ ሰው እንደ መርፌ በቀጠነች ቁልፍ ብሎኑን በየቀኑ ጥቂት ያዞረዋል። ልኩ ሲደርስ ማዞሩ ይቆማል፤ ብሎኑም በሙጫ ይታሸጋል። በዚያ ሰሞን የፊት ሁለቱ ጥርሶች ይለያዩና መሃላቸው ክፍተት ይፈጠራል። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ማዞሩ ከቆመ ክፍተቱ ሳምንታት ቆይቶ በራሱ ይገጥማል። የሊድያ ግን አልገጠመም። ይባስ ብሎ ሰፋ፤ የላይኞቹ የጎን ጥርሶቿም የታችኞቹን አልፈው ሄደው ጥርስ ከጥርስ መገናኘት ተወ።

ቤት ውስጥ ብሎኑን እንዲያዞር ኃላፊነት የወሰደው ሔኖክ ነበር። ፍቅሩም የጀመረው እዚያ ላይ ነው። እህቱን ይዞ የመጣ ዕለት ዕፀገነት አዟዟሩን ልታሳየው እጁን ይዛ ቁልፏን ብሎኑ ውስጥ አስገባችለት። የምንጣፍ ጥቅል መሸከም የለመደ እጅ ነው፤ ቁልፏ ጣቶቹ መሃል ጠፋች። «ብሰብራትስ?» አላት። «ቁልፏን ነው ወይስ እህትህን?» አለችው። ሊድያ አፏ እንደተከፈተ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ሔኖክ እህቱን ለማምጣት የማይመቸው ቀን አልነበረም፤ ሱቁ ቢቃጠል እንኳ የሚቀር አይመስልም ነበር። ቀጥሎ ሐይቁ ዳር መንሸራሸር መጣ። ቀጥሎ በመኪና መሸኘት መጣ፤ ግን አሞራ ገደል ሲደርሱ መኪናውን ከዓሣ ገበያው ራቅ አድርጎ ነው የሚያቆመው።

እናቷ ያሳደገቻት እዚያ ገበያ ውስጥ ዓሣ እየጠበሰች ነው። «አንድ ቀን ገብተህ አትበላም?» ስትለው «እማዬን ቀስ ብዬ ላዘጋጃት» ይላታል። እማዬ ግን አልተዘጋጁም። ጭራሽ ለመስቀል አገር ቤት ሲሄዱ የአንድ ነጋዴ ልጅ ሊያሳዩት እንዳሰቡ ከሊድያ አፍ ሰማች። ሔኖክን ስትጠይቀው «ማየት ማግባት አይደለም» ብሎ ሊያስቃት ሞከረ። አልሳቀችም።

ማዞሩ የቆመ ዕለት መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ጄኔሬተሩም ተበላሽቷል። ብሎኑ የሚታሸግበት ሙጫ ደግሞ ያለ መብራት አይደርቅም። «ከመስቀል መልስ እናሽገዋለን፤ ቁልፏን ግን ነገ አምጣልኝ» አለችው። በማግስቱ ባዶ እጁን መጣ። «ጠፋችብኝ» አላት። ሳቀችበት፤ ቁልፍ ከሌለ ማንም አያዞረውም ብላም ልቧን አሳረፈች። ከመስቀል መልስ ሊድያ አልመጣችም። ሲደወል ሱቅ በዝቶብን ነው ተባለ፤ ሌላ ጊዜ ትምህርት ተጀምሮ ነው ተባለ። የመጣችው ትናንት ነው፣ እናቷ እንግዳ መቀበያው ጋ ቆመው ታካሚው ሁሉ እስኪሰማ እየተቆጡ።

«እኛ ነጋዴ ነን፣ ዶክተር» አሉ አቶ በርናባስ ወደ ዶክተር ሕዝቅያስ ዞረው። «ዕቃ ሲበላሽ የሸጠውን ነው የምንጠይቀው። ሌላ ነገር አላውቅም።»

«ልክ ነዎት» አሉ ዶክተሩ። ወደ ዕፀገነት ዞሩ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ብሎኑ በራሱ ሊዞር ይችላል?»

ጥያቄው አጭር ነው፤ የሚያስከትለው ግን ብዙ ነው። ይችላል ካለች ንድፉ የማይታመን ነው ማለት ነው፤ ያቺ የቱላ ልጅም ሌሎቹም ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። አይችልም ካለች ሰው አዙሮታል። ሰው ካዞረው ደግሞ ቁልፏ አልጠፋችም። ጠፋች ብሎ የነገራት አንድ ሰው ብቻ ነው።

ከትናንት ጀምሮ ይህንኑ ስታውጠነጥን ነው የቆየችው። ለመጠባበቂያ ያስቀመጠችውን መንትያ መሣሪያ አውጥታ ነቀነቀችው፣ ተጫነችው፣ ውሃ ውስጥ ነከረችው። ብሎኑ ንቅንቅ አላለም። ደስ ሊላት ሲገባ የከፋት ያን ጊዜ ነው። ንድፏ ተበላሽቶ ቢሆን ይሻላት ነበር፤ የተበላሸ ንድፍ ይታረማል።

ወደ መስኮቱ አየች። ሔኖክ አሁንም አቀርቅሯል። እናቱ አዙር ብለውት አዙሯል፤ ዛሬ ደግሞ ዝም በል ብለውት ዝም ብሏል። እንዲህ ነው የመሰላት። ከገበያው ራቅ ብሎ የሚቆመው መኪና ትዝ አላት።

«አይችልም» አለች። «ብሎኑ ያለ ቁልፍ አይዞርም።»

«ቁልፏስ የት ናት?»

«ጠፍታለች ተብያለሁ።»

«ማን ነው ያለሽ?»

አንድ ስም መጥራት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ስሙ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ብትጠራው ትድናለች፤ እሱ ግን አባቱና እናቱ ፊት ይዋረዳል። በዚህች ቅጽበት እንኳ ሊያዋርዳት የተዘጋጀውን ሰው ማዋረድ አልቻለችም፤ በራሷም ተናደደች።

«ማን እንዳለኝ ለውጥ አያመጣም» አለች። «ብሎኑን ማሸግ የእኔ ሥራ ነበር። መብራት ሲጠፋ ለሌላ ጊዜ አሳደርኩት። ታሽጎ ቢሆን ቁልፍ የያዘውም አያዞረውም ነበር። ጥፋቱን እቀበላለሁ።»

ወይዘሮ እታፈራሁ ጥለቱን መጠቅለል አቆሙ። ያሸነፈ ሰው ፊት አልነበራቸውም፤ ዕፀገነት ይህን አየች፣ ምን ማለት እንደሆነ ግን አልገባትም።

ዶክተር ሕዝቅያስ መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲያው ይህን መሣሪያ ለሌሎቹ ልጆች ልንገጥም አንችልም። ቢያንስ ለጊዜው። ለወላጆቹ አንቺው ደውለሽ ትነግሪያቸዋለሽ።»

«እሺ» አለች። ድምፅዋ አልተሰበረም። የተሰበረው ሌላ ነገር ነው።

«ጠፋች ያልኳት እኔ ነኝ።»

ሔኖክ ቆሟል። ሲነሳ ወንበሩ ግድግዳውን መታ፣ እሱ ግን አልሰማም።

«አልጠፋችም ነበር። ዋሽቻት ነው። ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበረች።»

«ምን አልክ?» አሉ አቶ በርናባስ።

«ለምን ዋሸሃት?» አሉ ዶክተር ሕዝቅያስ።

ሔኖክ ስትገባ የነፈጋትን ዓይን አሁን ሰጣት። «በእጇ የሰጠችኝ ነገር ያ ብቻ ስለነበር» አለ። «ልመልሳት አልቻልኩም። የማይረባ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። አንድ ቀን ስቄ እነግራታለሁ ብዬ ነበር።» ወደ እናቱ ዞረ። «እወዳታለሁ፣ እማዬ። ከክረምት ጀምሮ። ልነግርሽ ፈርቼ ነው።»

ዕፀገነት ይህን ቃል ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት። ሐይቁ ዳር፣ ጀምበር ስትጠልቅ ይናገረዋል ብላ ነበር ያለመችው እንጂ እንደ ተከሳሽ በተቀመጠችበት ክፍል አልነበረም። ደስታና ንዴት እኩል መጡባት፤ የትኛውን እንደምታስቀድም አላወቀችም።

«ማንን?» አሉ ወይዘሮ እታፈራሁ። ድምፃቸው የወረደ ነው። «የማን ልጅ እንደሆነች አጣርተሃል?»

ሔኖክ ሊመልስ ሲል ዕፀገነት ቀደመችው። «እናቴ አሞራ ገደል ዓሣ ትጠብሳለች፣ ወይዘሮ እታፈራሁ። እስከዚህ ያደረሰችኝም እሷ ናት። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ብዬ ነው።»

ነጋዴ ግን ነጋዴ ነው፤ አቶ በርናባስ የልጃቸውን ፍቅር ለኋላ አስቀምጠው የጎደለውን ያዙ። «የሚወደውን ይውደድ፣ ቤት እንነጋገራለን» አሉ። «ቁልፉ አንተ ጋ ከነበረ፣ ማን ነው ያዞረው?»

ሔኖክ እናቱን አየ። ዓይን የማርገብገብ ያህል ነው፤ ከዕፀገነት በቀር ያስተዋለው የለም። ፊቱ ላይ ያየችው ነገር የሚደብቅ ሰው ነገር አልነበረም። አሁን፣ በዚህች ደቂቃ የገባው ሰው ነገር ነው።

«እኔ ነኝ» አለ።

«አንተ?»

«እኔ። ቶሎ እንዲያልቅላት ብዬ።»

«ማዞሩ እኮ አልቆ ነበር» አሉ ዶክተር ሕዝቅያስ በዝግታ። «ምኑ ነው ቶሎ የሚያልቀው?»

ሔኖክ ይህን አላሰበበትም። ውሸት አይችልበትም። በዕድሜው አንድ ውሸት ቢሳካለት እሱም ለምታምነው ሴት የተናገረው ነው። አባቱ ባርኔጣቸውን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩ። «የእህትህን አፍ እንዲህ አድርገህ ነው እኛን እዚህ ድረስ ያመጣኸን? እናትህ ሰው ፊት ስትጮህ ቆመህ ሰማህ?»

«አዎ፣ አባዬ።»

ዕፀገነት አሁን ሁሉንም አወቀች። ብትናገር እናቱን ትጥላለች፤ ዝም ብትል እሱ ያላጠፋውን ይሸከማል። ያን ያህል ስትጠረጥረው የቆየችው ሰው ፊቷ ቆሞ ለሌላ ሰው ጥፋት ሲወቀስ አየች።

«ሔኖክ፣ ተው» አለችው።

«ተው» አሉ ወይዘሮ እታፈራሁም። ሁለቱ ሴቶች አንድ ቃል መናገራቸውን ሁሉም ሰማ። «አባትህን አዎ እያልክ አታታልለው። አንተ አይደለህም። እኔ ነኝ።»

አቶ በርናባስ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። ወይዘሮ እታፈራሁ ግን ሌላ ማንንም አላዩም፤ የሚያዩት ሊድያን ነበር።

«እናቴ ፍንጭት ነበረች» አሉ። «ስትስቅ አገር ይስቃል ይሏት ነበር። የሞተችው እኔ ከሊድያ ሳንስ ነው። ፎቶ የላትም፤ ያኔ በእኛ መንደር ማን ያነሳል? ድምፅዋን ከረሳሁት ቆየሁ። ፊቷ ደግሞ በዓመት በዓመቱ እየደበዘዘ ሄደ፤ አሁንማ ዓይኔን ጨፍኜ ብፈልጋት አላገኛትም ነበር። ይኼ ብረት ከገባ በኋላ አንድ ቀን ልጄ ሱቅ ውስጥ ስትስቅ ቀና ብል፣ እናቴ ቆማለች።»

ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አነሱ፣ ሳይጠርጉ መልሰው አወረዱት።

«ለመስቀል ስንሄድ አክስቴ ደጅ ላይ ተቀበለችን። ሊድያን አይታ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እህቴ መጣች ብላ አለቀሰች። ዘመድ ሁሉ እየመጣ አያት። ከዚያ ከጥቂት ቀን በኋላ ሳየው ክፍተቱ እየጠበበ ነው። ዶክተሯ ይገጥማል ብላን ነበር፣ አልረሳሁም። ግን ፊቷ እንደገና ሊሄድብኝ ነው። የሔኖክን ኮት ልሰቅል ስል ቁልፏን ኪሱ ውስጥ አገኘኋት። ትንሽ አዞርኩ። ተመልሶ ተከፈተ። ሊጠብ ሲል ደግሞ አዞራለሁ። ፍንጭት የማይወድ ማን አለ? ጉዳት ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።»

«አንቺስ እያመመሽ ለምን አልተናገርሽም?» አሉ አቶ በርናባስ ሊድያን።

ሊድያ ትከሻዋን ሰበቀች። «እማዬ ስታየኝ ደስ ይላታል» አለች። «በፊት እንደዚያ አድርጋ አይታኝ አታውቅም።»

ወይዘሮ እታፈራሁ ያን ጊዜ ነው የተሰበሩት። አለቀሱ አይባልም፤ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው የልጃቸውን ጉልበት ያዙ፣ ያዙትና ቀሩ። «ትናንት የጮህኩት ፈርቼ ነው» አሉ ቀና ሳይሉ። «ያጠፋሁት እኔ መሆኔን ሳውቅ፣ ሌላ ሰው ይሁን ብዬ ነው የጮህኩት።»

ዶክተር ሕዝቅያስ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ሰውየው በሕግና በደንብ የሚሄዱ ናቸው፣ ቢሆንም ልብ አላቸው። «ንድፉ ይቀጥላል፤ ለሌሎቹም ልጆች ይገጠማል» አሉ ዕፀገነትን። «ብሎኑ ግን ዛሬውኑ ይታሸግ። ወደፊትም ሳይታሸግ ከዚህ ቤት የሚወጣ ልጅ አይኖርም፤ መብራት ቢጠፋ ባይጠፋ።»

«አይኖርም» አለች።

ኮሪደሩ ላይ ሔኖክ ተከተላት። አባቱ ማንንም ሳይሰናበቱ ወደ መኪናቸው ወርደዋል፤ ከደረጃው ሥር የሚያስነሱት ሞተር ይሰማል።

«ገነት» አላት። ሲያቆላምጣት እንዲህ ነው የሚጠራት። «ከመስቀል ስመለስ ኪሴ ውስጥ አጣኋት። በእውነት የጠፋች መስሎኝ ነበር። ዛሬ አንቺ ያለ ቁልፍ አይዞርም ስትዪ ነው እማዬን አይቼ የገባኝ።»

«ያን ጊዜ ለምን አልተናገርክም? ዶክተር ማን ነው ያለሽ ሲሉኝ ለምን አልተናገርክም?»

«እናቴ ናት።»

«እኔስ?»

መልሱን አልጠበቀችም። «ጠፋች ስትለኝ አመንኩህ» አለችው። «በአንተ ቃል ነው ብሎኑን ክፍት የተውኩት። ስወድህ መጠንቀቅ ትቼ ነበር፣ ሔኖክ። ለሥራዬ እንኳ። ያበሳጨኝ እሱ ነው።»

«እወድሻለሁ ያልኩት ውሸት አይደለም።»

«አውቃለሁ» አለች። ማወቋ ነው ያሳመማት።

ፊቷን አዙራ ወደ ሕክምና ክፍሉ ገባች።

ሊድያ ወንበሩ ላይ ተጋድማለች። እናቷ ከጎኗ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እጇን ይዘዋል። ዕፀገነት መብራቱን አስተካከለችና በመጠባበቂያው ቁልፍ ብሎኑን ወደ ኋላ ጥቂት መለሰችው። ሊድያ ግንባሯን ቋጠረች፣ ከዚያ ፈታች።

«ዛሬ ይህን ያህል ብቻ ነው» አለች ዕፀገነት። «ቀሪውን እኔው እዚህ ቀስ እያልኩ እመልሰዋለሁ። ሾርባውን በቅርቡ ትሰነባበቺዋለሽ።»

«ክፍተቱ ይገጥማል?» አሉ ወይዘሮ እታፈራሁ።

«ይገጥማል።»

«ሁሉም?»

እጇ ቆመ። ሥራዋ ትክክል እንደሆነ ታውቃለች፤ ያም ሆኖ የሞተች ሴት ፊት ከአንዲት ልጅ ላይ እያነሳች እንደሆነ ተሰማት። «ጥቂት ማስቀረት ይቻላል» አለች። «የሚጎዳ ነገር የለውም፤ የሚይዘውን ሽቦ በዚያው ልክ እነድፈዋለሁ። ግን አፉ የሊድያ ነው። አድጋ ራሷ ትወስን።»

ወይዘሮ እታፈራሁ ልጃቸውን ረጅም ጊዜ አዩ። ሊድያ የተከፈተ አፏን እንደያዘች ዓይኗን ወደ እናቷ አዙራ ትጠብቃለች።

«ዝጊው» አሉ በመጨረሻ። «ልጄ ታኝክ።»

ዕፀገነት ሙጫውን አኖረች። መብራት አለ። ሰማያዊውን ብርሃን ሙጫው እስኪደርቅ ብሎኑ ላይ ያዘች። ስትጨርስ ወይዘሮ እታፈራሁ ገና እያዩዋት ነበር፣ አሁን ግን እጇን ሳይሆን ፊቷን።

«ትወጂዋለሽ?» አሏት።

ጥያቄው ሳታስበው ነው የመጣባት። ጭምብሏ ፊቷን ግማሹን ሸፍኖታል፤ እሳቸው ግን ቀሪውን ግማሽ አልለቀቁትም። ማለባበስ ትችል ነበር። ከጠዋት ጀምሮ የሰማችው ውሸት ግን በቅቷታል።

«እወደዋለሁ» አለች። «ዛሬ ግን አላናግረውም።»

ወይዘሮ እታፈራሁ ወደ በሩ ዞር አሉ። በመስታወቱ ወዲያ ሔኖክ ኮሪደሩ ላይ፣ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት፣ አንዴ ወደ ደረጃው አንዴ ወደ በሩ እያየ ይንጎራደዳል። ትንሽ ተመለከቱትና ወደ ዕፀገነት ተመለሱ።

«እኔም አላናግረውም» አሉ።

ሊድያ አፏ እንደተከፈተ በጉሮሮዋ ሳቀች። ዕፀገነትም ልትስቅ ብላ ጭምብሏን ዝቅ አደረገች፤ ከሳቁ በፊት ግን ከጠዋት ጀምሮ አንቃ የያዘችው እንባ መጣ፣ እሷም እንዲመጣ ተወችው።